ራስ ከአካሉ ሲጣላ
ስለ እንግሊዝኛ ጋዜጣ አርእስትና ስለ አማርኛ ተከታዮቹ

በደራ ወረዳ በአንበሳሜ ገበያ የዋለ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ የቤቱ ሰው «ወሬ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እርሱም በትሩን ከግድግዳ አስደግፎ፥ እጁን ታጥቦ፥ ከመደቡ ከተቀመጠ በኋላ አስቀድሞ የአገሩን ደኅንነት ይናገራል፤ ቀጥሎም የእህሉንና የከብቱን ዋጋ ያወራል፤ ከዚያ በኋላ ያየውንና የሰማውን ይለያል። ያየውን «በዐይኔ አየሁት» ይላል፤ የሰማውን ግን «እገሌ ነገረኝ፥ እርሱም ከእገሌ ሰማሁ አለ» እያለ ከነባለቤቱ ያስረክባል። ወሬ በደጋው አገር እንደ ብድር ነውና፥ ከማን እንደ ተቀበሉት ሳይናገሩ ለሌላ ማስተላለፍ ነውር ነው።

የሞት ወሬ የያዘ እንደ ሆነ ግን ሥርዐቱ ሌላ ነው። በዚያች ማታ ለባለ ኀዘኑ አፉን አይከፍትም። ለሽማግሌ ይነግራል፤ ጎረቤትና ዘመድ በምሥጢር ይሰበሰባል፤ ጎህ ሲቀድ ወደ ደጁ ይሄዳሉ። መርዶ የሚነገረው የሚወድቀውን የሚደግፍ ክንድ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ይህን ሥርዐት የደነገገ አዋጅ የለም፤ ቢሆንም ቃል ሰውን ሊያቆስል እንደሚችል ያወቁ አባቶች ለቃል ያበጁለት አጥር ነው።

ዛሬ ግን በዚያው ከተማ በሰው ኪስ ያለው ስልክ ይንቀጠቀጥና «ሰበር ዜና» የሚል ቃል ያወጣል። ከበታቹ አምስት ወይም ስድስት ቃላት፥ አንድ የጥያቄ ምልክት፥ ከዚያም ሦስት ነጥብ ይከተላሉ። ነጋሪው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ የተባለው ተደርጎ ይሁን ሊደረግ የታሰበ አይለይም፤ ክንዱን የዘረጋ ጎረቤትም የለም። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ጦርነቱ ወደ ደብረ ታቦር በተጠጋ ጊዜ ልጁን ወደ ግንባር የሸኘ ወላጅ መርዶውንም የምሥራቹንም ሊሰማ የሚችለው በዚህ መንገድ ነበር። እንግዲህ የአርእስት ነገር የአታሚዎች ቀልድ ወይም የሰዋስው ሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። የሰው ልብ ያለበት ጉዳይ ነው።

«ነገር ከሥሩ፥ ውኃ ከጥሩ» ይባላልና አስቀድሞ «ሰበር» የሚለው ቃል ይመርመር። አማርኛ ለአዲስ ወሬ ስም አጥቶ አያውቅም። ደስ የሚያሰኘው የምሥራች ነው፤ የሚያሳዝነው መርዶ ነው፤ ገና ያልጠራው ጭምጭምታ ነው፤ ፈጽሞ ያልተረጋገጠው አሉባልታ ነው። እነዚህ 4 ስሞች ለሰሚው ልቡን እንዴት አድርጎ እንደሚያዘጋጅ ይነግሩታል። እንግሊዞች ግን የወሬን መውጣት በ«መስበር» ግስ ይናገራሉ፤ በዚያው ግስ የንጋትንም መውጣት ይናገራሉ። በእነርሱ አፍ ንጋት «ይሰበራል»፤ በአማርኛ ግን ጎህ ይቀድዳል እንጂ አይሰበርም። ተርጓሚው ቃሉን ከእንግሊዝኛው መደብ አንሥቶ እንዳለ በአማርኛ መደብ አስቀመጠው፤ ያልተሰበረ ነገር ሁሉ ተሰበረ ተባለ። ከዚህም የከፋው የምሥራቹም፥ መርዶውም፥ ጭምጭምታውም፥ አሉባልታውም በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። 4 መለያ የነበረው ሕዝብ አንድ ጩኸት ተሰጠው።

የእንግሊዝኛ ጋዜጣ አርእስት ያን መልክ ያገኘበት ምክንያት አለው። ለጎንደር ሰው የታሪኩ ጫፍ ሩቅ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያስቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በስንት ድካም ተጎትቶ መቅደላ በወጣበት ዘመን፥ የእንግሊዝ ጦር ተከትሎ መጣ። ከጦሩም ጋር ሄንሪ ሞርተን ስታንሌይ የተባለ የኒው ዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ ወሬ ላኪ ነበረ። በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወድቆ ንጉሠ ነገሥቱ ባለፉ ጊዜ ይህ ሰው ከስዊዝ በላከው ቴሌግራም የጦሩን ይፋ መልእክት ቀድሞ ዓለምን አሰማ። የጎንደር ሰው የንጉሡን መርዶ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ ሲሰማ፥ የባሕር ማዶው ገበያ በሽቦ ቸኩሎ ሰምቶት ነበር።

ያ ሽቦ የሚያስከፍለው በየቃሉ ነበርና ላኪው ቃል መቀነስን ተማረ። ማተሚያ ቤቱም በበኩሉ ጠባብ ዐምድና ከእርሳስ የተቀረጸ ትልቅ ፊደል ነበረው፤ በትልቅ ፊደል ረጅም ቃል በጠባብ ዐምድ አይገባም። ስለዚህ የእንግሊዝኛው አርእስት ጸሐፊ ልዩ ቋንቋ አበጀ። ስምን ለመለየት የሚገቡትን ጥቃቅን ቃላት ጣለ፤ «ነው» የሚለውንም ጣለ። ትናንት የተደረገውን ዛሬ እንደሚደረግ አድርጎ ጻፈ። አገናኝ ቃል ሳይኖራቸው ሦስት አራት ስሞችን እንደ ድንጋይ ካብ ደረደረ። ረጅሙን ቃል ትቶ አጭሩን መረጠ፤ ለምርመራ «ፕሮብ» አለ፥ ይኸውም ሐኪም ቁስል የሚፈትሽበት ዘንግ ነው፤ ለሥራ መሰረዝ «አክስ» አለ፥ ይኸውም መጥረቢያ ነው። እንዲህ ሆኖ ጉባኤ ሁሉ ቁስል፥ ውሳኔ ሁሉ የመጥረቢያ ምት መሰለ። ልብን የሚያስደነግጠው የቃል ምርጫ መጀመሪያ የመጣው ከክፋት አልነበረም፤ ከቦታ ጥበት ነበር። ነገር ግን ለጠባብ ቦታ የተገኘው ቃል ሰው እንደሚስብ በታወቀ ጊዜ፥ ቦታው ሰፍቶም ቃሉ ቀረ።

ይህ አጻጻፍ ለተወለደበት ቋንቋም እንኳ ዘወትር የሚታመን አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1985 በጃፓን በደረሰው ታላቅ የአውሮፕላን አደጋ አባቷን ያጣች አንዲት የቫዮሊን ተጫዋች ነበረች። በ2009 ሥራዋ እየለመለመ መሄዱን አንድ የጃፓን የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ሲጽፍ፥ «ከአደጋው ጋር ግንኙነት ያላት ተጫዋች አበበች» ለማለት ብሎ ቃላቱን አጣብቆ ደረደረ። በእንግሊዝኛ «አበበች» እና «አበቦች» አንድ ዓይነት ሆነው ይጻፋሉና፥ አንባቢው «ከአደጋ አበቦች ጋር ግንኙነት ያላት ተጫዋች» ብሎ አነበበው። ከዚያ ወዲህ የቋንቋው ተመራማሪዎች ሁለት ወገን የሚነበበውን አርእስት ሁሉ «የአደጋ አበባ» ብለው ይጠሩታል። ባለቤቶቹ ራሳቸው የሚሥቁበትን ጉድለት እንግዳው እንደ ጌጥ አድርጎ ወሰደው።

የአማርኛ ጸሐፊ ይህን ልብስ ለመልበስ ምን አስገደደው? አማርኛ የሚጥለው ጥቃቅን ቃል የለውም፤ ጥቃቅኑ ሁሉ በቃሉ ውስጥ ተሰፍቷልና። «አልመጡልንም» የሚል አንድ ቃል ውስጥ መምጣቱም፥ አለመምጣቱም፥ የመጪው ክብር ወይም ብዛትም፥ የቀረበት ሰው ማንነትም ተጠቃልሏል፤ እንግሊዝ ይህን ለመናገር ስድስት ቃል ያወጣል። በተፈጥሮው የቆጠበውን ቋንቋ እንደ አባካኝ ቆጥሮ መቈረጥ፥ የከሳውን ሰው ወፍራም ነህ ብሎ እንደ ማስጾም ያለ ነው።

ሲቈረጥም ምን እንደሚሆን ይታይ። «ነጋዴዎች ከንቲባውን ከሰሱ» የሚል ዐረፍተ ነገር ግልጽ ነው። አሳጣሪው ግን እንግሊዝን መስሎ «ከንቲባ ነጋዴዎች ከሰሱ» ብሎ ይጽፋል። ከሳሹ ማን ነው? «ከሰሱ» የብዙዎችም ግስ ነው፥ የአንድ የተከበረ ሰውም ግስ ነው። ያች የተጣለችው «ን» አንዲት ፊደል ብቻ ናት፤ እርስዋ ስትወጣ ግን ከሳሽና ተከሳሽ ቦታ ይለዋወጣሉ። በፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ስሕተት ቢጻፍ ጸሐፊው ይጠየቅበታል፤ በጋዜጣ ራስ ላይ ሲጻፍ ግን ቅልጥፍና ይባላል።

ከዚህም በላይ የግእዝ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ዳኛው ሊቀጣ ነው» የሚለውን ቀውን አላልቶ ያነበበው ዳኛው በሌላው ላይ ሊፈርድ መሆኑን ይረዳል፤ አጥብቆ ያነበበው ደግሞ በራሱ በዳኛው ላይ ሊፈረድበት መሆኑን ይረዳል። በሙሉ ጽሑፍ ውስጥ የፊትና የኋላው ቃል ንባቡን ያቀናዋል። በአርእስት ግን ፊትም ኋላም የለም። ንባብ ቤት ገብቶ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ሲማር አለንጋ የቀመሰ ሁሉ፥ አንዲት ጥብቀት ምን ያህል ምሥጢር እንደምትገለብጥ ያውቃል። እንግሊዝኛ ይህ ዓይነት አደጋ የለበትም፤ አማርኛ ግን የእንግሊዝን ጉድለት ተቀብሎ የራሱን ይጨምርበታል።

በዚህ ላይ የአገር ውስጥ ነውር አለ፤ ይህን በእንግሊዝ ማመካኘት ፍርድ ማጓደል ነው። «ተገለጸ»፥ «ተጠቆመ»፥ «ተባለ» በሚሉ ግሶች የሚያልቀው አርእስት የቤት ልጅ ነው። ማን ገለጸው? ማን ጠቆመው? ማን አለው? የአንበሳሜው ገበያተኛ «እገሌ ነገረኝ» ብሎ የሚያስረክበውን፥ የተማረው ጸሐፊ ባለቤት አልባ አድርጎ ይጥለዋል። እንዲሁም አንድ ባለ ሥልጣን ሌላውን በነቀፈ ቍጥር «አወገዘ» ይባላል። ውግዘት በቤተ ክርስቲያን ስንት ምክርና ስንት ተግሣጽ ካለፈ በኋላ በመጨረሻ የሚመጣ ከባድ ነገር ነበረ፤ ዛሬ በአርእስት ላይ ከቁርስ በፊት ይወገዛል፥ ከምሳ በኋላ ይታረቃል። ቃል እንዲህ ሲረክስ በእውነት የሚያስፈልግበት ቀን ኃይል አጥቶ ይገኛል።

የአርእስት ሐሰት ደም እንኳ ሳይቀር እንደሚነካ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በአውሮፓ አቆጣጠር በሚያዝያ 1912 ታይታኒክ የተባለው መርከብ 1,500 ያህል ሰው ይዞ በሰጠመበት ቀን፥ አንድ የኒው ዮርክ የማታ ጋዜጣ ሁሉም እንደ ዳኑ በትልቅ ፊደል አትሞ አወጣ። በኅዳር 3 ቀን 1948 ቺካጎ ትሪብዩን ድምፁ ተቈጥሮ ሳያልቅ ዴዌይ ትሩማንን አሸነፈ ብሎ አወጀ፤ ያሸነፈው ግን ትሩማን ነበረና ያንኑ ጋዜጣ በእጁ ከፍ አድርጎ እየሣቀ ፎቶግራፍ ተነሣ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይህ ነው። ትሩማን ሥቆ አለፈው፤ ዘመዶቻቸው ዳኑ ብለው ያደሩት ግን መሣቅ አልተቻላቸውም።

ስሕተት ከችኮላ ቢመጣ ይቅርታ ይገኝለት ይሆናል። በግንቦት 4 ቀን 1982 የለንደኑ ሳን ጋዜጣ የአርጀንቲናው መርከብ ቤልግራኖ በተመታ ጊዜ፥ ሕፃን በድብብቆሽ ጨዋታ ጓደኛውን ሲይዝ «ያዝሁህ!» እንደሚል ያለ አንድ ቃል በገጹ ሁሉ ላይ ጻፈ። በዚያ መርከብ 323 ሰዎች አልቀዋል። በሚያዝያ 1989 በሼፊልድ ከተማ በሂልስቦሮ የኳስ ሜዳ ሕዝብ ተጨናንቆ ሞተ፤ የሟቾቹም ቍጥር በመጨረሻ 97 ደረሰ። ከ4 ቀን በኋላ ያው ጋዜጣ «እውነቱ» የሚል አርእስት አውጥቶ፥ የሞቱትንና ያዘኑትን ደጋፊዎች በአስነዋሪ ሥራ ከሰሰ። የተባለው ሐሰት ነበረ። ጋዜጣው ራሱን አርሞ «እውነተኛው እውነት» ብሎ ይቅርታ የጠየቀው በ2012፥ ከ23 ዓመት በኋላ ነው፤ የፍርድ ሸንጎም ደጋፊዎቹ ጥፋተኞች እንዳልነበሩ በ2016 አረጋገጠ። አንዲት ቃል በሟች ላይ በሐሰት መሰከረች፤ እናቶችም ልጆቻቸውን ከቀበሩ በኋላ ስማቸውን ሲቀብሩ የነበሩትን ሲከራከሩ አረጁ። ይህ በአንበሳሜ ቋንቋ ቢነገር መርዶ አይባልም፤ በመርዶ ላይ ስድብ ይባላል።

የዚህ አጻጻፍ ጠበቆች ሁለት መልስ አላቸው። አንደኛው፥ «ጋዜጣ ያለ እንዲህ ያለ አርእስት አይሸጥም» የሚል ነው። የለንደኑ ታይምስ ግን እስከ ግንቦት 1966 ድረስ በፊት ገጹ ላይ ወሬ አያወጣም ነበር፤ የሰዎችን ጥቃቅን ማስታወቂያ ብቻ እያተመ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል፥ ተከብሮም ኖሯል። የኢትዮጵያም ጋዜጦች በጩኸት አልተጀመሩም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በእጅ እየተጻፈ የጀመረው አእምሮ ተባለ፤ በ1917 ዓ.ም. የወጣው ብርሃንና ሰላም ተባለ፤ ከነጻነት በኋላ በ1933 ዓ.ም. የወጣው አዲስ ዘመን ተባለ። ስሞቹ ጋዜጣ ለምን እንደሚታተም ይናገራሉ፤ ሊያስተውል፥ ሊያበራ፥ ሊያስታርቅ።

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ ብዙ የግል ጋዜጦች ተወለዱ። ከእነርሱ መካከል እውነት ጽፈው ስለ እውነት የታሰሩ አሉ፤ ክብራቸው አይነካም። ነገር ግን በአራት ኪሎ የመግዣ ያጣው ሰው ጋዜጣ ተከራይቶ ሲያነብ፥ የኪራይም ያጣው ቆሞ ራሱን ብቻ ሲያነብ፥ አታሚው መንገደኛውን በአርእስት መጥለፍ ተማረ። ያ መንገደኛ የወሰደው ወሬ በሙሉ ያችን አርእስት ብቻ ነበረ። ከውስጥ የተጻፈው ማስተካከያ ለእርሱ አልተጻፈም። ዛሬ በስልክ የሚያነበው ሰው ሁሉ እንደዚያ ቆሞ እንደሚያነበው መንገደኛ ሆኗል። ስለዚህ «ውስጡን ያንብብ» ብሎ ማመካኘት፥ በር ላይ መርዝ አስቀምጦ መድኃኒቱ ጓዳ ነው እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው መልስ፥ «አንባቢ ጊዜ የለውም፥ ማጠር ግድ ነው» የሚል ነው። ስለ ማጠር የጎንደርንና የጎጃምን የቅኔ ሊቃውንት ማን ያስተምራቸዋል? ጉባኤ ቃና 2 ቤት ብቻ ነው። በእነዚያ 2 ቤቶች ሰምም ወርቅም ይገባል፤ በዋሸራና በጎንጅ ተማሪው ለእርሱ ሌሊቱን ሲቆጥር ያድራል። ቅኔም እንደ አርእስት አጭር ነው፥ ቅኔም እንደ አርእስት ይሰውራል፤ ልዩነቱ ግን ከሰማይና ከምድር ይርቃል። ባለ ቅኔ ሰሙን ሲያስቀድም ከበታቹ ወርቅ እንዳለ ያውቃል፤ የቆፈረ ሰው አትርፎ ይመለሳል። የዛሬው አርእስት ግን ወርቁን ከላይ ቀብቶ ከታች ጭቃ ያኖራል፤ የቆፈረ ሰው ተታሎ ይመለሳል። በጥያቄ ምልክት የሚያልቀውን አርእስት የተመለከተ ኢያን ቤተሪጅ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በ2009 አንድ ሕግ አወጣለት፤ ለእንዲህ ያለ አርእስት ሁሉ መልሱ «አይደለም» ነው አለ። ጸሐፊው እርግጠኛ ቢሆን ኖሮ ባልጠየቀ ነበርና።

ጥንታውያን ጸሐፍትም አርእስትን ያውቁ ነበር። ብራና ዳምጠው፥ ጥቁሩን ቀለም ለሐተታው፥ ቀዩን ለመነሻው ቃልና ለቅዱሳን ስም ለዩ። ቀይ ቀለም ውድ ነበረና ያለ አገባብ አይፈስም ነበር፤ አንባቢውም ቀይ ባየ ጊዜ ልቡን ሰብስቦ አክብሮ ያነብ ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ወሬ የሚያጋንኑት ጋዜጦች ስማቸውን በቀይ መደብ ላይ ስለሚጽፉ «ቀይ አናት» ይባላሉ። በአንዱ አገር ቀይ የክብር ምልክት፥ በሌላው የጩኸት ምልክት ሆነ። አማርኛ ጸሐፊ ከሁለቱ ቀይ የትኛውን መውረስ እንደሚገባው የሚያጠያይቅ አይደለም።

«አርእስት» በግእዝ የ«ርእስ» ብዙ ነው፥ ራሶች ማለት ነው። ራስ ደግሞ የአካል ነው። አካሉ ያላለውን የሚናገር ራስ፥ ከአካሉ የተጣላ ራስ ነው። «ራስ ሳይጠና ጉተና» እንደ ተባለው፥ ነገሩ ሳይጠና ያጌጠ አርእስትም ጉተናው ብቻ የሚታይ ነው።

መድኃኒቱ ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይደለም። የአማርኛ አርእስት ጸሐፊ ከማሳተሙ በፊት ሦስት ነገር ይመርምር። አንደኛ፥ ያደረገው ማን እንደ ሆነ፥ የተናገረው ማን እንደ ሆነ ከነባለቤቱ ይጻፍ፤ ስለ አንዲት «ን» ሲባል ቦታ አይጥበብ። ሁለተኛ፥ አርእስቱ ብቻውን ተነቦ አንባቢው ወደ ሥራው ቢሄድ፥ ይዞት የሄደው እውነት ይሁን። ሦስተኛ፥ ወሬው የሞት ወይም የጥፋት እንደ ሆነ፥ በልጁ አባት ደጅ ቆሞ ፊት ለፊት ሊናገረው የሚደፍረውን ቃል ብቻ ይጻፍ። ይህን በማድረግ የሚጠፋ ወሬ የለም፤ የሚጠፋው ጩኸቱ ብቻ ነው።

አንባቢውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ያልተነበበውን የሚያስተላልፍ፥ ራሱን አይቶ አካሉን ሳይመረምር «እገሌ እንዲህ ሆነ» የሚል ሁሉ የሐሰቱ አታሚ ነው፥ ማተሚያውም አፉ ነው። ስልኩ በእኩለ ሌሊት «ሰበር» ብሎ ቢጮኽ፥ የደጋው ሰው ያውቀው የነበረውን ያድርግ፤ ማን አለው ብሎ ይጠይቅ፥ የታመነ ሰው ያማክር፥ ጎህ እስኪቀድ ይታገሥ።